ከማላጋ እስከ ቢልባኦ፦ ለትንሹ ልክ ስም ያወጣ አገር

ሰኞ፣ ማላጋ

በደቡብ ስፔን ባለችው በማላጋ «ቡና በወተት» ብሎ ማዘዝ አይበቃም። አስተናጋጁ ቀጣዩን ቃል ይጠብቃል፤ ቡናው ምን ያህል፣ ወተቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚናገረው ስም ካልተጠራ ብርጭቆ አያነሳም። ስሞቹ ደግሞ ብዙ ናቸው። ንጹሑ ቡና ሶሎ ይባላል፤ ወተት ጠብ ያለበት ላርጎ ነው፤ እኩል በእኩል የሆነው ሚታድ። ከሚታድ ወዲያ ወተቱ እያየለ ይሄዳል፦ ኤንትሬ ኮርቶ፣ ኮርቶ፣ ሶምብራ፣ ኑቤ። ሶምብራ፣ ማለትም ጥላ፣ ቡናው የብርጭቆውን አንድ አምስተኛ ያህል የሆነበት ነው። ኑቤ ደመና ነው፤ ቡናው ቢበዛ አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው።

ይህን ሥርዓት ያወጣው በፕላሳ ዴ ላ ኮንስቲቱሲዮን አደባባይ የነበረው ካፌ ሴንትራል ነው። ባለቤቱ ሆሴ ፕራዶ ሥራውን የያዘው በ1950ዎቹ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ስፔን ከእርስ በርስ ጦርነቱ ድህነት ገና አልተላቀቀችም፤ ቡና ውድ ነበር። ደንበኛ «በዛብኝ»፣ «አነሰብኝ» እያለ ብርጭቆውን በመለሰ ቁጥር የሚደፋው ቡና ባለቤቱን አንገበገበው። ስለዚህ ልኮቹን በተራ በተራ በብርጭቆ አሥሎ፣ ለእያንዳንዱ ስም ሰጥቶ፣ በሴራሚክ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ብርጭቆዎቹ አሥር ናቸው። አሥረኛው ባዶ ነው፤ ስሙም «አያምጡልኝ» ነው። ካፌው በ2022 መጀመሪያ ላይ ተዘግቷል፤ የሥዕሉን ቅጂ ግን ዛሬም በከተማዋ ካፌዎች ግድግዳ ላይ አየሁት። ስሞቹን ሕፃን አዋቂው ይጠራቸዋል።

እኔ ሶምብራ አዘዝሁ። አስተናጋጁ ከማሽኑ ላይ የወረደውን ቡና በትንሿ ብርጭቆ ታችኛው ክፍል ላይ ቀዳው፤ ከብርጭቆው ከንፈር ይልቅ ለግርጌው የቀረበ ስስ ጥቁር መስመር ነበር። ከዚያ የሞቀውን ወተት ሲያወርድበት መስመሩ ተነሥቶ፣ ተቀላቅሎ፣ የዳቦ ቅርፊት የመሰለ ቀለም ይዞ ቆመ። መለኪያም ሚዛንም አልነበረም፤ ዓይኑ ብቻ ነበር። ከአጠገቤ የተቀመጡት እናት ሚታድ ጠጡ፤ ልጃቸው ኑቤ። የሁለቱም ብርጭቆ እኩል ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ካፌ ስላለኝ ይህ ነገር ለእኔ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። የእኛም ሰው ልኩን አጥርቶ ያውቃል። «ማኪያቶ፣ ጠቆር ያለ»፣ «ነጣ ይበልልኝ»፣ «ወተት በቡና ይሁን» ሲል ማላጋዎች በአሥር ስም የሚሉትን ነው የሚለው። ቡናና ሻይ የሚደረብበት ስፕሪስም የዚያው ወገን ነው። አሁን አሁን ግን በየቦታው የወረቀት ኩባያ ተደርድሮ «ትንሽ፣ መካከለኛ ወይስ ትልቅ?» የሚለው ጥያቄ እየቀደመ ነው። ይህ ጥያቄ ያሳስበኛል። «ትንሽ» ብሎ ማዘዝ ከሌላው የጎደለ ነገር መጠየቅ ይመስላል፤ ሰው ሳይፈልግ ወደ መካከለኛው ይገፋል። «ኑቤ» ያለ ሰው ግን ከማንም አላነሰም፤ የሚፈልገውን ጠርቶ ያገኛል። ትንሹ ልክ በራሱ ስም ሲጠራ ክብር አለው። ከደቡብ ወደ ሰሜን የምጓዘውም እንዲህ ያሉትን ስሞች ከነቤታቸው ለማየት ነው።

ማታ ወደ አንቲጓ ካሳ ደ ጓርዲያ ሄድሁ። ከ1840 ጀምሮ የቆየ የወይን ጠጅ ቤት ነው። ወንበር የለም፤ ከባንኮኒው ጀርባ ጥቋቁር በርሜሎች በሰልፍ ተቀምጠዋል፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የወይኑ ስም ተጽፏል። ጣፋጩ የማላጋ ወይን በትንሽ ብርጭቆ ይቀዳል፤ ሒሳቡ በጠመኔ ባንኮኒው ላይ፣ በጠጪው ፊት ለፊት ይጻፋል። ሲከፍሉ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የጠጅ ብርሌ ያየ ሰው ብርጭቆው አነሰ ሊል ይችላል፤ ወይኑ ግን የሚጠጣው በጉንጭ ሳይሆን በምላስ ጫፍ ነው።

ማክሰኞ፣ ፔድሬጋሌሆ

ከመሀል ከተማ በስተምሥራቅ የባሕሩን ዳር ይዞ የሄደ ፔድሬጋሌሆና ኤል ፓሎ የተባሉትን የቀድሞ የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ያገኛል። እዚያ ሰርዲን የሚታዘዘው በኤስፔቶ ነው። ኤስፔቶ የሾለ የሸምበቆ ሹል ነው፤ አምስት ወይም ስድስት ሰርዲን ጎን ለጎን ይሰካበታል። አሸዋ በተሞላ አሮጌ ጀልባ ውስጥ የወይራ እንጨት ይነድዳል፤ ሸምበቆዎቹ ከፍሙ አጠገብ አሸዋው ላይ ዘመም ብለው ይተከላሉ፤ ጠባሹ የነፋሱን አቅጣጫ እያየ ያዞራቸዋል። ደረቅ ጨውና ሎሚ ካልሆነ ሌላ ነገር አይገባበትም፤ የሚበላውም በእጅ ነው።

ሰርዲን በደንብ የሚሰባው ከሜይ እስከ ኦገስት ነው ይላሉ፤ እኔ ጥቂት ቀደም ብያለሁ። ቢሆንም አንድ ኤስፔቶ አንድ ሰውን በልክ ያጠግባል፤ ሁለት ሰዎች ሁለት ያዛሉ፤ ሦስተኛው ሲመጣ ሦስተኛው ሸምበቆ ይተከላል። ልኩን የወሰነው የጠባሹ መሣሪያ ነው።

ረቡዕ፣ ሴቪያ

ጠዋት ከመሳፈሬ በፊት ኑቤ ጠጣሁ። ቀኑ ረቡዕ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ወተት አይከለከልም። አውቶቡሱ ሦስት ሰዓት ገደማ በወይራ ዛፍ መካከል ሄደ።

ሴቪያ የታፓ ከተማ ናት። የምግብ ዝርዝሩ ላይ ከአንድ የወጥ ስም ፊት ለፊት ሦስት ዋጋ ተጽፏል፦ ታፓ፣ ሜዲያ ራሲዮን፣ ራሲዮን። ሦስቱን የሚለያቸው ስንት ሰው አብሮ እንደሚበላ ነው። ታፓ አንድ ሰው ቆሞ በጥቂት ጉርሻ የሚጨርሰው ነው፤ ሜዲያ ራሲዮን ለሁለት ይሆናል፤ ራሲዮን መሀል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሁሉም ሹካውን የሚሰድድበት ነው። ታፓ የሚለው ቃል ክዳን ማለት ነው፤ ድሮ ብርጭቆው ዝንብ እንዳይገባበት በቁራሽ ዳቦ ወይም ሥጋ ይከደን ነበር የሚል ጨዋታ አላቸው። ስለ አነሳሱ የሚነገረው ተረት ብዙ ስለሆነ አልገባበትም። በቅርብ ባለችው በግራናዳ ታፓ መጠጥ ላዘዘ ሰው ያለ ዋጋ ይመጣል፤ እዚህ ግን ታዝዞ ይከፈልበታል።

በ1670 የተከፈተው ኤል ሪንኮንሲዮ የከተማዋ አንጋፋ መጠጥ ቤት ነው። የአሳማ ጭን ከጣራው ተንጠልጥሏል፤ እኔ የምበላው ስላልሆነ ስፒናች በሽምብራ አዘዝሁ። ከሙኑ ቀድሞ አፍንጫዬ ገባ። በጾም ቀን ቤታችን ቢቀርብ ማንም እንግዳ አይለውም። እዚህም ሒሳብ በጠመኔ እንጨቱ ላይ ይጻፋል፤ አስተናጋጁ ቁጥሩን ሳያቀርቅር ነው የሚጥለው። ዕድሜ ያለሰለሰው የእንጨቱ ገጽ ላይ ነጩ ጽሑፍ እየተጻፈ፣ እየተጠረገ፣ እንደገና እየተጻፈ ያመሻል።

የዕለቱ ትልቁ ነገር የተፈጸመው ግን ከወንዙ ማዶ፣ ትሪያና ሰፈር ውስጥ በአንዲት ስሟን ባልያዝኋት ቤት ነው። ርቦኝ ስለነበር የተጠበሰ ዓሣ ራሲዮን ይምጣልኝ አልሁ። አስተናጋጁ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ግራና ቀኜን አዩና፣

«ልጄ፣ ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ታፓ ይበቃሻል። ከወደድሽው ሌላ ታዢያለሽ።»

ሻጭ ለገዢ አነስ ያለውን ሲመክር ስንት ጊዜ ይታያል? ታፓው መጣ፤ ወደድሁት፤ ሁለተኛም አዘዝሁ፤ ሦስተኛው ላይ ሌላ ዓይነት ቀየርሁ። ራሲዮኑን ብወስድ ኖሮ አንድ ምግብ ብቻ ቀምሼ፣ ገሚሱን ትቼ እወጣ ነበር። ቤቱም ቢሆን አልተጎዳም፤ ሦስት ጊዜ ሸጦልኛል። በዚህ ንግድ ውስጥ ያለን ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንስተው ይህን ይመስለኛል፦ ትንሹ ልክ ደንበኛውን እንደገና እንዲያዝ ያደርገዋል፣ የሚጣለውን ምግብ ይቀንሳል፣ ወጥ ቤቱ ያበሰለውን ሁሉ ያስቀምሳል።

ቢራውም እንዲሁ ነው። ከበርሜል የሚቀዳው ትንሽ ብርጭቆ ካኛ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ሴቪያ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ የምትግል ከተማ ናት። ትልቅ ብርጭቆ ቢሆን ገሚሱ ሳይጠጣ ይሞቅ ነበር። ካኛ ግን ቅዝቃዜው ሳይለቀው ያልቃል፤ ሁለተኛው እንደ አዲስ ቀዝቅዞ ይመጣል።

ሐሙስ፣ ማድሪድ

ከሴቪያ ማድሪድ የሚወስደው ፈጣን ባቡር በ1992 ሥራ የጀመረ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው ፈጣን መስመር ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። የአክስቴ ልጅ ጣቢያው ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። ማድሪድ ከኖረች ቆይታለች፤ የቢራውን ሒሳብ ያስተማረችኝም እርሷ ናት።

«ኪንቶ ያልሽ እንደሆነ የሊትር አንድ አምስተኛ፣ 20 ሴንቲ ሊትር ጠርሙስ ነው። ቴርሲዮ አንድ ሦስተኛ፣ 33 ነው። እስከዚህ ድረስ ቁጥር ነው። ዶብሌ ግን የካኛ እጥፍ እንዳይመስልሽ፤ ካኛን ይበልጣል፣ ሁለት ካኛ ግን ላይሞላ ይችላል። እንደ ቤቱ ነው።»

«ሚኒስ?»

«ሚኒማ አንድ ሊትር ነው።»

እውነቷን ነው። ሞንክሎአና አርጉዌዬስ አካባቢ ተማሪዎች የሚጠጡበት፣ አንድ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ብርጭቆ ሚኒ ይባላል። ብቻውን የሚጨርሰው ሰው ብዙ አላየሁም፤ አራት አምስት ሆነው እየተቀባበሉ ነው የሚጠጡት። ዋጋው ለተማሪ ኪስ ስለሚቀል አልፈርድባቸውም። እኔ ግን በጋራ ከሚዞረው ሊትር ይልቅ በካታሎኒያና በአንዳሉሲያ መጠጥ ቤቶች በበረዶ ባልዲ የሚቀርቡትን ኪንቶዎች እመርጣለሁ።

እራት ላይ ወይን በቻቶ ጠጣን። ቻቶ አጭር፣ አፉ ሰፋ ያለ ብርጭቆ ነው፤ ስሙም አፍንጫው ደፍጠጥ ያለ ሰው የሚጠራበት ነው። ስለ ማድሪድ ምግብ የሚጻፈው ብዙ ነው፤ ዛሬ ግን ወሬያችን የቤተሰብ ሆኖ አመሸ።

ዓርብ፣ ሳን ሴባስቲያን

ባቡሩ ግማሽ ቀን ወሰደ። ከጓዳራማ ተራሮች ወዲህ ሜዳው እየለመለመ መጣ፤ በሰሜን ስፔን ያለው የባስክ ክልል ስንደርስ ዝናብ ያዘን። ማላጋ ላይ የለመድኋቸው ስሞች እዚህ አይሠሩም። ካኛ ብዬ ያዘዝሁት ቢራ ከሴቪያው ይበልጥ ነበር። በአንድ አገር ውስጥ ያው ስም ሌላ ልክ ይይዛል። ትንሹን የፈለገ ሰው «ሱሪቶ» ማለት አለበት፤ የካኛው ግማሽ ያህል ነው፤ በሰፊ ብርጭቆ ግርጌ ላይ ሁለት ሦስት ጣት ቢሆን ነው።

ለምን እንዲህ እንዳነሰ የገባኝ በአሮጌው ከተማ ስዘዋወር ነው። እዚህ ሰው አንድ ቤት ገብቶ አያመሽም። በእያንዳንዱ ቤት አንዲት ፒንቾ፣ በስንጥር የተወጋች አንድ ሁለት ጉርሻ፣ ከአንድ ሱሪቶ ጋር ይዞ፣ ቆሞ በልቶ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አንዱ ቤት በእንጉዳይ ይታወቃል፣ አንዱ በባካላዎ (በጨው በደረቀ ኮድ ዓሣ)፣ ሌላው በአንቾቪ፤ ሁሉንም በአንድ ሌሊት ለመቅመስ ልኩ ትንሽ መሆን አለበት። ሰዎች ከባንኮኒው ላይ ያነሱትን ራሳቸው ቆጥረው ሲወጡ ይናገራሉ፤ አስተናጋጁም አምኖ ያስከፍላል። አንድ ሰው የበላውን ረስቶ ወደ በሩ ሲያመራ ቆም አለና ተመልሶ፣ «አንድ ፒንቾ ቀርቷል» ብሎ ሲከፍል አየሁ። አስተናጋጁም አልተደነቀ፤ ሰውየውም ምስጋና አልጠበቀ።

በጣም የደመቀው መንገድ «31 ኦገስት» ይባላል። በ1813 በዚያ ቀን ከተማይቱ ስትቃጠል ከእሳቱ የተረፉት ጥቂት ቤቶች የዚህ መንገድ ናቸው።

ማታ ማረፊያዬ ተቀምጬ የካፌዬን ዝርዝር እንደገና ጻፍሁት። «ትንሽ» እና «ትልቅ» የሚሉትን ሰርዤ «ጠቆር ያለ»፣ «ነጣ ያለ»፣ «ወተት በቡና»፣ «ስፕሪስ» ብዬ ለየብቻ አሰፈርሁ፤ ብርጭቆው አንድ፣ ዋጋውም እንደ ወተቱ። በጽሑፍ ሳየው ለምን እስካሁን እንዳላደረግሁት ገረመኝ፤ ደንበኞቼ ከድሮም የሚጠሩት በዚያው ስም ነው።

ቅዳሜ፣ አስቲጋራጋ

አስቲጋራጋ ከሳን ሴባስቲያን ብዙ አትርቅም፤ የፖም ጠጅ መንደር ናት። ከጃንዩወሪ እስከ ኤፕሪል ባለው ወቅት የፖም ጠጁ ከግዙፎቹ በርሜሎች፣ ከኩፔላዎቹ፣ በቀጥታ ይጠጣል፤ እኔ የደረስሁት በመጨረሻው ሳምንት ነው። እዚህ ልኩ በብርጭቆ አይጠራም፤ በጩኸት ነው። ምግብ እየበላን ሳለ ባለቤቱ «ቾች!» ብሎ ይጣራል። ቾች በርሜሉ ላይ ያለችውን ቀዳዳ የሚደፍናት ቀጭን እንጨት ነበረች። ሁሉም ብርጭቆውን ይዞ ይነሣል፤ ይሰለፋል። ቀዳዳው ሲከፈት እንደ ክር የቀጠነ ጅረት ርቆ ይወረወራል፤ የመጀመሪያው ሰው ብርጭቆውን አጋድሞ ከሩቅ ይቀበለዋል፤ ጅረቱ የብርጭቆውን ግድግዳ መትቶ አረፋ እንዲያወጣ ነው። ሁለት ጣት ያህል እንደሞላ ይወጣል፤ ከኋላው ያለው ጠብታ ሳያፈስ ይተካዋል። የተቀዳው እዚያው ይጠጣል፤ ከቆየ ሕይወቱ ያልፋል። የፈለገ ሰው እስኪበቃው ይመላለሳል፤ ዋጋው ከምግቡ ጋር የተቆረጠ ነው። እንደ ልብ ጠጡ የተባለበት ቤት ውስጥም ልኩ ሁለት ጣት ሆኖ መገኘቱን ልብ በሉልኝ።

ምግቡ የታወቀ ነው፦ የባካላዎ እንቁላል ጥብስ፣ ባካላዎ በቃሪያ፣ ቀጥሎም ቹሌታ። ቹሌታ ከነአጥንቱ በፍም ላይ ለጥቂት ደቂቃ የሚያርፍ የበሬ ሥጋ ሲሆን ውስጡ ቀይ ሆኖ ይቀርባል፤ የሚታዘዘውም በኪሎ ነው። ሥጋ በኪሎ አዝዞ፣ ተከብቦ፣ ቀዩን መብላት ለእኔ የአገሬ ነገር ስለሆነ ጠረጴዛው ላይ ካሉት የውጭ ሰዎች ሁሉ ቀድሜ እጄን ሰደድሁ።

እሑድ፣ ቢልባኦ

አውቶቡሱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው የሄደው። አሮጌው ቢልባኦ «ሰባቱ ጎዳናዎች» ይባላል፤ የቺኪቶ አገር ነው። ቺኪቶ ትንሽ የወይን ልክ ነው፤ ብርጭቆው ግን ከባድ ነው። በእጄ ስይዘው ክብደቱ አስደነገጠኝ። ግርጌው ድፍን መስታወት ነው፤ ወይኑ የሚይዘው ከላይ ያለውን ጥቂት ቦታ ብቻ ነው። የአረቄ መለኪያችንም ግርጌው ወፈር ያለ ነው፤ ይህ ግን በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ባንኮኒ ላይ ሲቀመጥ ድምፁ ከበር ይሰማል።

ቺኪቴሮዎቹ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ናቸው። ከልጅነት ጀምሮ አብሮ የኖረ ጓድ ሆነው፣ በየምሽቱ በተለመደው ሰዓት ተገናኝተው፣ ከቤት ቤት እየዞሩ በየቤቱ አንዳንድ ቺኪቶ ይጠጣሉ፤ መንገድ ላይ ይዘፍናሉ። ከመነሣታቸው በፊት እያንዳንዱ እኩል ገንዘብ ያዋጣል፤ መዋጮው ቦቴ ይባላል። ያዢው እንደ ዕቁብ ዳኛ የታመነ ነው፤ በየቤቱ የሚከፍለው እርሱ ብቻ ነው። አሁን የጓዶቹ ቁጥር እየተመናመነ ነው። በብዙ ቤት ወይን በእግረ ረጅም ብርጭቆ ሆኗል፤ ከባዱን ብርጭቆ የሚፈልግ ሰው ለይቶ መጠየቅ አለበት። ይህ ከልብ ያሳዝነኛል። ብርጭቆው ሲቀር አዟዟሩም አብሮ ይቀራል፤ ትልቅ ብርጭቆ የያዘ ሰው ሁለተኛው ቤት ላይ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ አይነሣም።

ፔሎታ በሚባለው ጎዳና መሬቱ ላይ አንድ ኮከብ አለ። እዚያ ላይ የቆመ ሰው በቤቶቹ መካከል፣ በኮረብታው ላይ ያለውን የቤጎኛ እመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን ያያል። አጠገቡ ቺኪቴሮዎች ለበጎ አድራጎት ሳንቲም የሚጥሉበት ሣጥን አለ፤ በየዓመቱ ኦክቶበር 11 ቀን ተሰብስበው እዚያ ይዘምራሉ። እኔ ቆሜ ሳይ አንድ ጓድ ደረሰ። ከመካከላቸው አንዱ ቆባቸውን አስተካክለው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ትንሽ ብርጭቆዎችን ለማየት ከአዲስ አበባ መጣሁ ስላቸው ያለ ምንም ጥያቄ አብሬያቸው እንድዞር ጋበዙኝ።

ለመጀመሪያው ዙር ገንዘቤን አልተቀበሉም። ሁለተኛው ቤት ላይ ግን ያዢው እጁን ዘረጋ፤ ከእነርሱ እኩል ቦቴው ውስጥ አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ሌሊቱ እስኪገባ ስንዞር ማንም ሰው ሒሳቡ ስንት ሆነ ብሎ አልጠየቀም።